መልስ፦ ከፈርምዌር ዝመና በኋላ ሰርቨሩ የዲስክ የይለፍ ቃል ለምን ይጠይቃል?

ፈርምዌሩን (የሰርቨሩን መሠረታዊ ማስነሻ ሶፍትዌር) ካዘመኑ ወዲህ ቲፒኤም (የምስጠራ ቁልፎችን የሚጠብቀው ቺፕ) የተመሰጠረውን ዲስክ በራሱ መክፈት ማቆሙን ገልጸዋል፤ ይህ ቺፑ ተበላሽቷል ማለት ሳይሆን የተሰጠውን ሥራ በትክክል ሠርቷል ማለት ነው። ሰርቨሩ ሲነሳ የሚጫነው እያንዳንዱ ክፍል ሃሹ (ይዘቱን የሚወክል አሻራ) ተሰልቶ ፒሲአር በሚባሉት የቲፒኤም መዝገቦች ላይ ይታከላል፤ የዲስኩ ቁልፍ የፈርምዌሩ ልኬት ከሚያርፍበት ከፒሲአር 0 ጋር ታስሮ ከነበረ፣ አዲሱ ፈርምዌር የሚያስገኘው እሴት ከቀድሞው ስለሚለይ ቲፒኤም ቁልፉን አይለቅም። በይለፍ ቃሉ ይግቡና ሲስተምዲ ክሪፕትኢንሮል (systemd-cryptenroll) በተባለው የሊኑክስ ትዕዛዝ የድሮውን የቲፒኤም ምዝገባ አጥፍተው ከፒሲአር 7 ጋር እንደገና ያስሩት። ይህ መዝገብ የሚለካው የሴኪዩር ቡትን (የታመነ ፊርማ ያለው ሶፍትዌር ብቻ እንዲነሳ የሚያደርገውን ጥበቃ) ሁኔታና ሰርተፊኬቶቹን በመሆኑ ተራ የፈርምዌር ዝመና ብዙውን ጊዜ አይነካውም፤ የተሻሩ ፊርማዎች ዝርዝር ሲታደስ ግን እሱም ይለወጣል። ሴኪዩር ቡት ካልበራ ደግሞ፣ በእኔ እምነት፣ በፒሲአር 7 ብቻ ማሰር ጥበቃ ሊባል አይችልም። የይለፍ ቃሉን፣ ማንም ቢመክርዎ፣ ከሉክስ (ከሊኑክስ የዲስክ ምስጠራ ሥርዓት) አያጥፉት።