ጋቢው ከአፍ ዝቅ ይበል

ጥያቄ፦ አባቴ ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ ከዕድር ስብሰባ አንዳች ሳይሰሙ ይመለሳሉ፤ ብንጮኽላቸውም አልረዳቸውም። ምን ይበጃል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ መጮኹን ይተዉት። በዕድሜ የሚመጣ የመስማት ድካም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው እንደ «ሰ» እና «ፈ» ካሉ ቀጫጭን ድምፆች በመሆኑ፣ ጩኸት ድምፁን ያጎላ እንደሆነ እንጂ ቃሉን አያጠራውም። ይልቁንም ተናጋሪው ፊቱን ወደ ብርሃን አዙሮ ረጋ ብሎ ይናገር፤ በደብረ ብርሃን ብርድ አፍን በጋቢ ሸፍኖ ማውራት የተለመደ ነውና (እኔም አደርገዋለሁ) ከንፈሩ እንዲታይ ጋቢውን ዝቅ ያድርግ። አባትዎ ፊደል የሚያነቡ ከሆነ፣ የጎግል የድምፅ መጻፊያ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አማርኛን ስለሚቀበል፣ ስልኩን ከተናጋሪው አጠገብ አድርገው ጽሑፉን ያሳዩአቸው። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጆሯቸውን በጤና ተቋም ያስመርምሩ፤ የደፈነው ኩክ ብቻ ሊሆን ይችላል።