ካቢኔቱ ላይ የሙጥኝ ያለ ቅባት

ጥያቄ፦ እንደምን አላችሁ? ከምድጃዬ በላይ ያለው ነጭ የሚያብረቀርቅ ካቢኔት ቅባት ይዞት ሲነኩት እጅ ላይ ይጣበቃል። በበረኪናም በሽቦም ሞከርኩ። ቅባቱ እንዳለ ነው፣ ያሸሁት ቦታ ግን ደበዘዘ። ምን ይሻለኛል? (ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ያንን ሽቦ አርቂው! የደበዘዘው ተጭሮ ስለሆነ በማጠብ አይመለስም። በረኪና ደግሞ ያነጣል እንጂ ቅባት አይፈታም፤ ከአቼቶ ጋርማ እንዳትቀላቅይው፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

ወጥ ሲቁላላ ከእንፋሎቱ ጋር የሚወጣው ዘይት ካቢኔቱ ላይ ያርፋል፣ ሳይጠረግ ወራት ሲቆይ ደግሞ አየር እያገኘው እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል፣ ለዚህ ነው በአንዴ ጥረጋ እሺ የማይለው። ለብ ባለ ውሃ ላይ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጊ። ለስላሳ ጨርቅ ነክረሽ ጨምቂና 5 ደቂቃ ያህል ለጥፈሽበት ቆዪ። ከዚያ ቀስ ብለሽ ጥረጊው።

አሁንም አልለቅም ካለ፣ ትስቂብኝ ይሆናል፣ የምግብ ዘይት ቀቢው። አዲሱ ዘይት አሮጌውን ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ሁለቱንም በሳሙናው ታነሻቸዋለሽ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይሄንን ነው። ቤኪንግ ሶዳም ይሠራል ይባላል፣ ልክ ነው፣ ግን ዱቄቱ ስለሚሞርድ ለሚያብረቀርቅ ነገር አልመክረውም።

ሲያልቅ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ አለቅልቀሽ ወዲያው አድርቂው፤ ካቢኔቱ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ) ከሆነ ውሃ በጠርዙ ከገባ ያብጣል። ደግሞ ማንኛውንም ነገር መጀመሪያ በማይታይ ጥግ ላይ ሞክሪው።