ሦስት ክፍል በአንድ መምህርት፦ ልጄ ወደ ኋላ ትቀር ይሆን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። ከከተማ ወጥተን ገጠር መኖር ከጀመርን ትንሽ ቆየን። ልጄ ሁለተኛ ክፍል ናት። ትምህርት ቤቱ በጣም ትንሽ ስለሆነ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ያሉት አንድ ክፍል ውስጥ ነው የሚማሩት፣ ሦስቱንም የምታስተምረው አንድ መምህርት ናት። ሰዉ ትምህርት ቤቱን እንደ ዓይኑ ብሌን ያየዋል፤ አጥሩ ሲፈርስ ወጥቶ ያጥራል፣ ጣሪያው ሲያፈስ ተሰብስቦ ይጠግናል። ልጄም ደስተኛ ናት። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ከተማ ያለችው እህቴ ጋ ልላካት ወይ?

መልስ፦ እህቴ፣ ለመላክ አትቸኩዪ። ክፍል መቀላቀሉ ብቻውን ልጅን ወደ ኋላ አያስቀርም። ዋናው ጥያቄ መምህርቷ ሦስቱን እንዴት ነው የምታስኬደው የሚለው ነው።

በደንብ የተያዘ ከሆነ አንደኛ ክፍሎቹን ሰብስባ ስታስነብብ፣ ሁለተኛዎቹ የተሰጣቸውን ሂሳብ ይሠራሉ፣ ሦስተኛዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ያነባሉ፣ ከዚያ እሷ ትዞራለች። አንዱ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ጎኑ ላለችው ታናሽ ደብተሯ ላይ በጣቱ እያሳየ «እዚህ ጋ አንድ ተበደሪ» ሲላት ትሰሚያለሽ። ጊዜው እየባከነ አይደለም። መቀነስን ለሌላ ሲያስረዳ፣ ለራሱም ላላ ያለው ቦታ ይጠብቅለታል። ታናሿ ደግሞ ገና ያልደረሰችበትን ትምህርት ጆሮዋ እየለመደው ነው።

ሌሎቹ ተራ እየጠበቁ ዝም ብለው የሚቀመጡ ወይም ከሰሌዳ ሲገለብጡ የሚውሉ ከሆነ ግን ስጋትሽ ልክ ነው። ስለዚህ አንድ ጠዋት አስፈቅደሽ ገብተሽ ቁጭ በዪ። መምህርቷን ብቻ አትከታተዪ፣ ጀርባዋን የሰጠቻቸውን ልጆች እያቸው። የልጅሽንም ደብተር ግለጪ። ታርሟል? ሥራው ለእሷ ክፍል የተሰጠ ነው ወይስ ለሦስቱም አንድ ዓይነት?

እንዲህ ያለ ክፍል የመምህር እጥረት ያመጣው ጣጣ ብቻ ነው የሚሉ አሉ። አልስማማም። ኮሎምቢያ ውስጥ «ኤስኩዌላ ኑዌቫ» የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ የተጀመረው ልክ እንደዚህ አንድ ወይም ሁለት መምህር ብቻ ላላቸው የገጠር ትምህርት ቤቶች ተብሎ ነው። ልጆቹ በየራሳቸው ፍጥነት የሚሄዱበት መማሪያ በእጃቸው አለ፣ መምህሩ እየዞረ ያግዛል፣ ወላጆችም በትምህርቱ ይሳተፋሉ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1998 ይፋ ባደረገው የላቲን አሜሪካ ንጽጽር፣ ከትልልቆቹ ከተሞች በስተቀር የኮሎምቢያ የገጠር ተማሪዎች ከከተሞቹ በልጠው ተገኝተዋል።

ከደብዳቤሽ ውስጥ የከነከነኝ ሌላ ነገር ነው። ሰዉ አጥርና ጣሪያ ላይ ጎበዝ ነው፣ ንባብ ላይስ? ብዙ ቦታ የሰፈሩ ፍቅር ግድግዳው ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ውስጥ ያለው ነገር የመምህርቷ ብቻ ይሆናል። ያ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ሦስት ክፍል ለያዘች መምህርት ከሁሉም በላይ የሚጎድላት ልጆቹ ሲያነቡ የሚሰማ ሰው ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን አንሺ። ማንበብ የሚችል ጎረምሳም ሆነ አዛውንት በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ታናናሾቹን ያስነብብ። ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም ቢሆን ማታ ልጁ ስታነብ አጠገቧ ተቀምጦ «እሺ፣ ከዚያስ?» ማለት ይችላል፣ ቀላል አይምሰልሽ።

ቅሬታ ካለሽ ደግሞ መጀመሪያ ለራሷ ለመምህርቷ ንገሪያት። ትንሽ ቦታ ወሬ ካንቺ ቀድሞ ይደርሳታል፣ ከተቀያየማችሁ ደግሞ ሌላ የምትሄጂበት መምህርት የለም።

እስከ ዓመቱ መጨረሻ ጠብቂ። ያኔ ልጅሽ ለክፍሏ የሚመጥን አጭር ጽሑፍ አንብባ በራሷ አነጋገር ከነገረችሽ፣ እዚያው ትቆይ። ካቃታት መምህርቷ ጋ ቁጭ በሉና ተነጋገሩ፣ በዚህ ዕድሜ ከእናት መለየት የመጨረሻው አማራጭ ይሁን። እስከዚያ ግን ከዚያ ትምህርት ቤት ጨርሰው ወደ ትልቁ የተዛወሩትን ልጆች ቤተሰቦች ጠይቂ። እዚያ ሲደርሱ ምን ከበዳቸው? እነሱ የሚሰጡሽ መልስ ከእኔ ምክር ይበልጣል።