ጥያቄና መልስ፦ «ለሠራዊቱ ድምፄን ሰጥቻለሁ» ሲባል ምን እንጠይቅ?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ከመከላከያ አባላት፣ ከጡረተኞችና ከቤተሰቦቻቸው የተነሱ ጥያቄዎች ናቸው። ሠራዊትን ስለማዘመንና ስለ አባላቱ ኑሮ የሚወጡ ሕጎችን የተመለከቱ ናቸው።

ከሆጤ፦ አንድ የምክር ቤት አባል «ሠራዊቱን የሚያዘምን፣ ኑሮውንም የሚያሻሽል ሕግ ደግፌያለሁ» ቢሉን ምን ብለን እንጠይቃቸው?

የአዋጁን ቁጥር ጠይቋቸው። ገንዘቡ በየትኛው ዓመት በጀት እንደተያዘ ጠይቋቸው። ከሁሉም በላይ ግን «ጭማሪው በመደበኛ ደመወዝ ነው ወይስ በአበል?» በሏቸው፤ ይህችን እንዳትለቋት። አበል ዛሬ ኪስ ይገባል፣ ጡረታ ላይ ግን አይታሰብም። ጡረታ የሚሰላው ከመደበኛ ደመወዝ ብቻ ነው።

ከፒያሳ፦ እስቲ በቁጥር ያሳዩን።

ለምሳሌ ደመወዙ 6,000 ብር የሆነ፣ 25 ዓመት ያገለገለ አባል እንውሰድ። ከእሱ 7 በመቶ፣ ማለትም 420 ብር ይቆረጣል። መንግሥት ደግሞ ለውትድርና አባል 25 በመቶ፣ 1,500 ብር ያስገባል፤ ለሲቪል ሠራተኛ ቢሆን 11 በመቶ፣ 660 ብር ነበር።

ጡረታ ሲወጣ ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት 30 በመቶ ይያዝለታል። ከዚያ በላይ ለእያንዳንዱ ዓመት 1.65 በመቶ ይጨመራል (ለሲቪል 1.25 ነው)። 15 ዓመት በ1.65 ሲባዛ 24.75፣ በድምሩ 54.75 በመቶ ይሆናል። በ6,000 ብር ሲሰላ በወር 3,285 ብር ነው። ጣሪያው 70 በመቶ ነው።

አሁን 3,000 ብር ተጨመረለት እንበል። በአበል ከሆነ ጡረታው ያው 3,285 ነው። በደመወዝ ከሆነም ቢሆን የሚታየው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ነው። ጭማሪው ከጡረታው አንድ ዓመት ብቻ ቀድሞ ከመጣ፣ 24 ወር በ6,000፣ 12 ወር በ9,000 ተደምሮ ለ36 ሲካፈል አማካዩ 7,000 ይወጣል፤ ጡረታውም 3,832 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። ሦስቱንም ዓመት በ9,000 ቢሠራ 4,927 ብር ከ50 ያገኝ ነበር። ስለዚህ የደመወዝ ማሻሻያ በዘገየ ቁጥር ቀድሞ የሚጎዳው ሊወጣ የተቃረበው አንጋፋ ወታደር ነው። ረቂቅ ሲቀርብ ስለ እነዚህ ሰዎች የሚናገር ተወካይ ያስፈልጋል።

ከኮምቦልቻ፦ ባለቤቴ ቢሰዋብኝስ? እኔና ልጆቼ ምን እናገኛለን?

እህቴ፣ ክፉውን ያርቅልሽ። ሕጉ ለትዳር ጓደኛ የጡረታውን 50 በመቶ፣ ከ18 ዓመት በታች ላለ ልጅ ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይሰጣል። በላይኛው 3,832.50 ብር ብናሰላው ለአንቺ 1,916.25፣ ለአንድ ልጅ 766.50 ይደርሳል። ድምሩ ከጡረታው መቶ በመቶ ማለፍ ስለማይችል፣ ሦስትና ከዚያ በላይ ልጅ ካለ የሁሉም ድርሻ ይቀነሳል።

ብዙ ጊዜ ጉዳዩ የሚጓተተው በወረቀት ነው። አባሉ ሲቀጠር በሞላው የሕይወት ታሪክ ቅጽ ላይ ያለው ስም፣ የቀበሌ መታወቂያውና የልጆቹ የልደት ማስረጃ አንድ ሆነው መነበብ አለባቸው። በአንዱ «መሐመድ»፣ በሌላው «ሙሐመድ» ከሆነ ፋይሉ ይመለሳል። ከቅጥር በኋላ ያገባ ወይም የወለደ ሰው ቅጹን ካላደሰ ሚስትና ልጆች በስም የሉም ማለት ነው። እኛ ወሎዎች ዘንድ ደግሞ ኒካሕ ታስሮ በቀበሌው ወሳኝ ኩነት ሳይመዘገብ ይቀራል፤ በአዋጅ 760/2004 ጋብቻ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ባለቤትሽ ለእረፍት ሲመጣ መጀመሪያ ይህን ጨርሱ።

ከሰኞ ገበያ፦ ማዘመኑስ? የባሕር ኃይል፣ አዳዲስ መሣሪያ ሲባል እንሰማለን።

አዋጅ 1100/2011 ባሕር ኃይልን እንደገና በሕግ አስገብቷል። ሕጉ መዋቅሩን ይፈጥራል እንጂ መለዋወጫ አይገዛም። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ መካኒክ ይህን ያውቀዋል፤ ማሽኑ ከገባ በኋላ ቤሪንግ፣ ዘይትና ባለሙያ ከሌለው ይቆማል። ኦራልም ቢሆን ጎማና ባትሪ ካጣ ግቢ ውስጥ ቆሞ ይቀራል። መለዋወጫው ደግሞ የሚመጣው በውጭ ምንዛሪ ነው። ግዢ ሲጸድቅ የጥገናና የሥልጠና ገንዘብ አብሮ መያዙን ያልጠየቀ ተወካይ ሥራውን ግማሽ ላይ ትቶታል።

ከመናፈሻ፦ አንድ ተወካይ ብቻውን ምን ሊለውጥ ይችላል?

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 የመከላከያን አደረጃጀት የመወሰን ሥልጣን ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሰጥቷል። ረቂቁ አብዛኛውን ጊዜ ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ይመጣል፣ ከመጀመሪያ ንባብ በኋላ ለቋሚ ኮሚቴ ይመራል። አንቀጽ ሊቀየር የሚችለው እዚያ ነው። ድምፅ ወደሚሰጥበት ቀን ከደረሰ እጅ ከማውጣት በቀር የሚቀር ነገር ጥቂት ነው። ከጸደቀ በኋላ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙም በሥራ ላይ ይውላል። ስለዚህ ሐሳብ ያለው ሰው ረቂቁ ኮሚቴ ሳለ በጽሑፍ ያስገባ፤ «አበሉ ወደ መደበኛ ደመወዝ ይካተት» የምትል አንዲት መስመር ብትሆንም።

ከወሎ ዩኒቨርሲቲ፦ አሜሪካኖቹስ እንዴት ያደርጉታል?

ከ1961 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ኮንግረሱ በየዓመቱ የመከላከያ ፈቃድ ሕግ ያወጣል። የ2025ቱ በተወካዮች ምክር ቤት 281 ለ140 ነው ያለፈው፤ ለዝቅተኛ ማዕረግ ወታደሮች 14.5 በመቶ፣ ለሌላው 4.5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ፈቅዷል። ጭማሪው የገባው መነሻ ደመወዝ ላይ ነው። እዚያም ጡረታ የሚሰላው ከመነሻ ደመወዝ ሲሆን የቤት አበል አይገባበትም፤ በአብዛኛውም ከፍተኛ የተከፈለባቸው 36 ወራት አማካይ ይወሰዳል። ፈቃዱ ግን ገንዘብ አይደለም፣ ገንዘቡ በሌላ የበጀት ሕግ ነው የሚለቀቀው። እዚያም ቢሆን «ደግፌያለሁ» የሚል ተወካይ ለሁለቱም ድምፅ መስጠቱ ይጠየቃል።

ከቧንቧ ውሃ፦ የጡረታ አዋጁ ቁጥር የትኛው ነው? ልጄ ያንብብልኝ።

አባባ፣ 1267/2014 ነው። በፊት የነበረው 714/2003 ተሽሯል፤ ሰው አሮጌውን ይዞ ሲከራከር ስለሚታይ፣ ልጅዎ ሽፋኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይቶ ይጀምር።