የልየታ ውጤት፣ የፈተና ሰዓት እና የተማሪው መብት

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር በሚገኝ የመንግሥት የከፍተኛ ትምህርት ተቋም የሦስተኛ ዓመት የምህንድስና ተማሪ ነኝ። በዚህ ሴሚስተር ዲፓርትመንታችን ሁላችንንም ኮምፒዩተር ላይ አስቀምጦ የዲስሌክሲያና የዲስፕራክሲያ ልየታ አደረገልን። ውጤቱ በመታወቂያ ቁጥራችን ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ፤ በእኔ ቁጥር አንጻር «ምልክት ታይቷል» ይላል። የፈተና ሰዓት እንዲጨመርልኝ ስጠይቅ «የሐኪም ወረቀት አምጣ» ተባልኩ፤ አንድ መምህር ደግሞ ዲፓርትመንት ብቀይር እንደሚሻለኝ ነገሩኝ። ልጅ ሆኜ ዘጌ የቄስ ትምህርት ቤት ሳለሁ ዳዊቱን በቃሌ እወጣው ነበር፤ መጽሐፉ ሲገለጥልኝ ግን መስመሩ ይጠፋብኝ ነበር። ሕጉ ምን ይለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ በቅድሚያ የተደረገልዎት ነገር ምን እንደሆነ እንለይ። ዲስሌክሲያ ከማሰብ ችሎታ ማነስ የማይመጣ፣ ቃላትን በትክክልና በፍጥነት የማንበብና የመጻፍ ችግር ሲሆን፣ ዲስፕራክሲያ ደግሞ እንቅስቃሴን ማቀናጀትን፣ ለምሳሌ የእጅ ጽሑፍንና የሥዕል መሣሪያ አያያዝን የሚያከብድ ነው። ልየታ ግን ችግሩ ሊኖር እንደሚችል ከመጠቆም አልፎ «አለ» ብሎ አይደመድምም፤ ድምዳሜው በሠለጠነ ባለሙያ የሚደረግ ዝርዝር ምርመራ ይጠይቃል። በተለይ ልየታው በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ ከሆነ፣ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ የተማረ ጤናማ አንባቢም ዘገምተኛ መስሎ ሊታይበት ይችላል። በዚህ ምክንያት የዘጌው ትዝታዎ ከሚያስቡት በላይ ዋጋ አለው። ችግሩ ከልጅነት ጀምሮ፣ ያውም በፊደላችን ላይ ታይቶ ከነበረ፣ የእንግሊዝኛ ድክመት ነው የሚለውን መከራከሪያ ያዳክማል። የፊደላችን ድምፅና ቅርጽ ግንኙነት ከእንግሊዝኛው ይልቅ ቋሚ ስለሆነ ችግሩ ከስህተት ይልቅ በዝግታ ጎልቶ ሊታይ እንደሚችልም ለመርማሪው ቢነግሩ መልካም ነው። የቀድሞ መምህርዎ ወይም ወላጆችዎ ያዩትን በጽሑፍ ቢሰጡዎት በማስረጃነት አያይዙት።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 9(4) መሠረትም ስምምነቱ የአገሪቱ ሕግ አካል ነው። ስምምነቱ ዲስሌክሲያን በስም አይጠራም። ይሁን እንጂ በአንቀጽ 1 ላይ ያስቀመጠው ትርጓሜ ክፍት በመሆኑና የረጅም ጊዜ ጉዳት ከአካባቢ መሰናክል ጋር ተዳምሮ እኩል ተሳትፎን ሲገታ የሚመለከት በመሆኑ፣ በዓይን የማይታይ የንባብ ችግርም በዚሁ ጥላ ሥር ይገባል የሚል አቋም አለኝ። አንቀጽ 24(5) በከፍተኛ ትምህርት ተመጣጣኝ ማመቻቸት፣ ማለትም በተቋሙ ላይ ከመጠን ያለፈ ጫና የማይፈጥር እንደ ሰዓት መጨመር ያለ ማስተካከያ፣ እንዲደረግ ያዛል፤ አንቀጽ 2 ደግሞ ይህን መንፈግ ራሱን የቻለ አድልዎ አድርጎ ይቆጥረዋል። የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011ም ተቋማት ጉዳት ያለባቸውን ተማሪዎች እንዲደግፉ ግዴታ ይጥላል። ተቋማት ብዙ ጊዜ የሚጠለሉት «አቅም አልፈቀደም» በሚለው ምክንያት ነው። መወጣጫ ወይም ሊፍት ለመሥራት በጀት ያስፈልግ ይሆናል፤ በፈተና ላይ ሠላሳ ደቂቃ ለመጨመር ግን አንድ ፈታኝ ትንሽ እንዲቆይ ማድረግ በቂ ነው። በእንግሊዝ አገር ለእንዲህ ያሉ ተማሪዎች የፈተናውን ጊዜ ሩብ ያህል መጨመር የተለመደ አሠራር ነው፤ እኛን የሚያስገድድ ሕግ ባይሆንም ጥያቄዎ የተጋነነ እንዳልሆነ ለማሳየት ይጠቅማል።

የባለሙያ ማስረጃ መጠየቃቸው በራሱ ሕገ ወጥ አይደለም። ጥፋቱ ተቋሙ ራሱ ልየታውን ካካሄደ በኋላ ቀጣዩን ምርመራ በእርስዎ ኪስ ላይ ጥሎ እጁን መሰብሰቡ ላይ ነው። ስለዚህ ማመልከቻዎ ሁለት ነገር ይጠይቅ፤ ተቋሙ በልዩ ፍላጎት ትምህርት ወይም በሥነ ልቦና ባለሙያ እንዲያስመረምርዎት፣ ምርመራው እስኪጠናቀቅም በጊዜያዊነት የፈተና ሰዓት እንዲጨመርልዎት። በቃል የጠየቁት ነገር ነገ «አልጠየቀም» ሊባል ይችላልና ማመልከቻውን ለዲኑ ጽፈው በመዝገብ ቤት ያስገቡ፤ በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይም የገቢ ቁጥርና ማኅተም ያስደርጉበት። ይህንን ከፈተናው በፊት ማድረግ ይኖርብዎታል፤ ቀድሞ ያልጠየቁትን ማመቻቸት መነሻ አድርጎ የተመዘገበ ውጤት ማሰረዝ እጅግ አስቸጋሪ ነው።

የውጤቱ መለጠፍ ከሁሉም ይልቅ ያሳሰበኝ ጉዳይ ነው። ስም ባይጻፍም የክፍል ጓደኞች አንዱ የሌላውን መታወቂያ ቁጥር እንደሚያውቁ ግልጽ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የጤና ነክ መረጃን የተለየ ጥበቃ ከሚያስፈልጋቸው መረጃዎች መድቦታል። ለመማር ማስተማሩ ድጋፍ ተብሎ የተሰበሰበ መረጃ ለአላፊ አግዳሚ የሚሰቀልበት ሕጋዊ ምክንያት አይታየኝም። ወረቀቱ ከመነሣቱ በፊት ቀኑ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ ያንሡት፤ የሌሎቹን ተማሪዎች ቁጥር ሸፍነው ቢያስቀምጡት የእነሱንም መብት ያከብራሉ። ልየታውን በተመለከተ ተቋሙ ተማሪዎችን ሊጋብዝ ይችላል፤ ዓላማው ሳይነገርና ፈቃድ ሳይጠየቅ ማስገደዱን ግን አልደግፈውም።

የመምህሩ አስተያየት ምክር ብቻ እስከሆነ ድረስ ሊተዉት ይችላሉ። በልየታው ነጥብ ብቻ ተነሥቶ ከዲፓርትመንት ማዘዋወር ቢሞከር ግን ከስምምነቱ አንቀጽ 24(5) በተጨማሪ ስለ እኩልነት የሚደነግገውን የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 25 ይጥሳል። በሌላ በኩል፣ ማመቻቸት የትምህርቱን መመዘኛ አያስቀርም፤ ስሌቱን ለመሥራት ሰዓት ይጨመርልዎታል እንጂ ስሌቱን ከመሥራት ነፃ አይሆኑም።

ዲኑ ዝም ካሉ ወይም ከከለከሉ በተቋሙ የቅሬታ ሰሚ አካል ያመልክቱ፤ ውሳኔውም ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎት ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ ባሕር ዳር ቢሮ ላለው የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ያለ ክፍያ አቤት ማለት ይችላሉ። ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት የሚያመራ ከሆነ የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የአስተዳደር ውሳኔ በፍርድ ቤት እንዲከለስ ይፈቅዳል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80(2) የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥልጣን ደርቦ ስለያዘ፣ አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት ሳያስፈልግዎት አቤቱታውን እዚሁ ማቅረብ ይቻላል ብዬ እከራከራለሁ። የአቤቱታ ማቅረቢያ ጊዜ የተገደበ ስለሆነ የውሳኔው ደብዳቤ በእጅዎ በገባ ሰሞን ጠበቃ ያማክሩ፤ ማኅተም ያረፈበትን ቅጂና ፎቶውንም ይዘው ይሂዱ።