ቴኒስ አስተምሮ ስንት ይገኛል ለምትሉኝ ልጆች

ባለፈው ሠርግ ላይ አንድ ጎረምሳ አጠገቤ ቁጭ አለና «ጋሼ፣ ቴኒስ ማስተማር በሰዓት 90 ዶላር ነው አይደል?» አለኝ። ነው አልኩት፣ ፊቱ በራ፣ ከዛ ሙዚቃው ጮኸና ወሬያችን እዛው ቀረ። ያ «ነው» ያልኩት ግን ሲከነክነኝ ሰነበተ፣ 90ው የኔ አይደለማ።

እኔ ቴኒስ የጀመርኩት አዲስ አበባ ኳስ ለቃሚ ሆኜ ነው፣ ሰዎቹ ሲጫወቱ አጥር ስር ቁጭ ብዬ እጃቸውን እያየሁ። እዚህ ዲሲና ሜሪላንድ ሳስተምር ደሞ 27 ዓመት ሞላኝ። ስለዚህ ሂሳቡን ከኔ ስሙት።

ከ90ው ላይ የምሠራበት ክለብ 40 ፐርሰንት ያነሳል፣ 54 ቀረ። ብዙ አሰልጣኝ ተቀጣሪ ሳይሆን በ1099 (በራሱ የሚሠራ ሰው የገቢ ፎርም ነው) የሚሠራ ስለሆነ አሠሪ የሚከፍለውን የሶሻል ሴኩሪቲና የሜዲኬር ድርሻም ራሱ ነው የሚሸፍነው፣ ከራሱ ድርሻ ጋር ተደምሮ 15.3 ፐርሰንት ገደማ፣ ወደ 46 ወረደ፣ ኢንካም ታክሱ ገና ነው፣ ኢንሹራንሱ ገና ነው፣ ኳሱ፣ ጫማው፣ ቤንዚኑ ገና ነው። ዝናብ ከጣለ ደሞ ዜሮ። የመጀመሪያዬ ዓመት ሚያዝያን አልረሳውም፣ ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ የቤት ኪራይ ከጓደኛ ተበድሬ ነው የከፈልኩት፣ ያን ጊዜ የነበርኩበት ክለብ ደሞ የሁለት ወር ሂሳቤን እስከ መስከረም ይዞብኝ ነበር (የጽሑፍ ውል አልነበረንም፣ ጥፋቱ የኔም ነው፣ እናንተ ሳትፈራረሙ ሜዳ እንዳትገቡ)።

በቀን ስምንት ሰዓት እሠራለሁ ብላችሁም አታስቡ። ልጆች የሚመጡት ከትምህርት በኋላ ነው፣ ትልልቆቹ ወይ ማለዳ ወይ ቅዳሜና እሁድ፣ መሀሉ ባዶ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ሌበር ቢሮ በ2023 የአሰልጣኞችን ሚዲያን ደሞዝ ወደ 46 ሺህ ዶላር በዓመት ብሎ ነው ያስቀመጠው፣ የሁሉም ስፖርት አንድ ላይ ተደርጎ፣ ግማሹ ሰው ከዛ በታች ነው ማለት ነው።

ቲቪ ላይ ስታዲየም ውስጥ ቁጭ ብለው የምታዩዋቸው የታላላቅ ተጫዋቾች አሰልጣኞች ሌላ ዓለም ናቸው። እነሱ ሳምንታዊ ክፍያ አላቸው፣ ከተጫዋቹ ሽልማት ደሞ አብዛኛውን ጊዜ 10 ፐርሰንት አካባቢ ያገኛሉ። የ2024 ዩኤስ ኦፕን አሸናፊ 3.6 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፣ ከዛ አስር ፐርሰንቱን አስሉት። ግን እታች ኤም15 የሚባሉት፣ የወንዶች ፕሮፌሽናል ቴኒስ የመጨረሻ እርከን ውድድሮች፣ ጠቅላላ ሽልማታቸው 15 ሺህ ዶላር ነው፣ ነጠላውን ያሸነፈ ልጅ ከሁለት ሺህ ትንሽ ቢበልጥለት ነው፣ አሰልጣኙ ከዛ ሁለት መቶ ቢደርሰው የሆቴል አይሆንም። አብዛኛው ሰው ያለው እዛ ነው፣ ወይ እንደኔ ሜዳ ላይ።

ታዲያ ገንዘቡ የት ነው? ግሩፕ ላይ። ስድስት ልጅ በነፍስ ወከፍ 30 ዶላር ቢከፍል በሰዓት 180 ነው፣ ክለቡ 40 ፐርሰንቱን ወስዶም 108 ይተርፋል፣ አንድ ለአንድ ከሚሰጠው ከፕራይቬቱ እጥፍ፣ ያው አንድ ሰዓት፣ ያው አንድ ቅርጫት ኳስ። እኔ ይሄን ለማወቅ ዘጠኝ ዓመት ፈጀብኝ፣ ፕራይቬት ክብር ይመስለኝ ነበር። ከዛ ደሞ የሚቆይ ተማሪ ነው፣ አንድ ልጅ ከ8 ዓመቱ እስከ ሃይስኩል አብሯችሁ ካደገ ታናናሾቹ ይመጣሉ፣ አባትየው ራሱ ራኬት ይገዛል። የራኬት ክር መወጠርም ተማሩ፣ ሲዘንብ የሚሠራ ሥራ እሱ ነው። የአሰልጣኝነት ሰርተፊኬቱን፣ ሴፍስፖርቱን (ልጆችን ከጥቃት የመጠበቅ ሥልጠና ነው) ምናምን በጊዜ ጨርሱት፣ እሱ ብዙ አያስወራም። በተረፈ ግን ሜዳው የማን እንደሆነ እዩ፣ ሜዳ የያዘው ሰው ቤቱ ተኝቶም እያገኘ ነው፣ እኛ ቆመን።

ቤተሰቦቻችሁ «ነርሲንግ ግቡ» ቢሏችሁ አልፈርድባቸውም፣ እኔም ልጄን ብያታለሁ፣ አልሰማችኝም።

አሁን ሰርቭ ሳሳይ ትከሻዬን ያመኛል፣ ስለዚህ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ብቻ ነኝ። የቅዳሜ ጠዋቱን ግሩፕ ድሮ እኔው ላስተማርኩት ለአንድ ልጅ ሰጥቼዋለሁ፣ ብሩን ራሱ ይቀበላል፣ እኔ የምካፈለው የሜዳ ኪራዩን ወጪ ነው። የሠርጉ ጎረምሳ ይሄን ካነበብክ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ላይ ና፣ ኳስ በመልቀም ትጀምራለህ፣ ለእሱም እንከፍልሃለን።