«ቴንዩር» ይዞታ ነው ወይስ ቋሚነት? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰነድ መተርጎም የዕለት ሥራዬ ነው። «ቴንዩር» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በመሬትም በቅጥርም ወረቀት ላይ እየመጣ እንዳስቸገራችሁ ስላየሁ የጠየቃችሁኝን በየተራ ልመልስ።

ጥያቄ፦ አንድ ቃል እንዴት ለመሬትም ለሥራም ይሆናል?

መልስ፦ መነሻው የላቲኑ «ቴኔሬ» ነው፤ መያዝ ማለት ነው። የእኛም «ይዞታ» የወጣው «ያዘ» ከሚለው ግስ ነው። መሬት ይያዛል፤ «ሥራ ያዘ»ም እንላለን። በሁለቱም ቦታ የሚጠየቀው አንድ ነው፦ በምን ውል ነው የተያዘው? ማንስ፣ በምን ምክንያት ሊያስለቅቅ ይችላል?

ጥያቄ፦ ታዲያ ባለይዞታና ባለቤት ይለያያሉ?

መልስ፦ አዎ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝ ከ1066 እ.ኤ.አ. በኋላ መሬቱ ሁሉ የንጉሡ ተባለ፤ መኳንንቱ ከንጉሡ፣ ሌላው ከመኳንንቱ ተቀብሎ ይይዝ ነበር። ባላባቱ በውትድርና፣ ገበሬው በጉልበት ወይም በክፍያ። የውትድርናው ይዞታ የቀረው በ1660 ነው። በእኛም ታሪክ ባለርስቱ በዘሩ ቆጥሮ ያርስ፣ ያወርስ ነበር፤ ባለጉልቱ ደግሞ ከዚያው መሬት ግብር ይበላ ነበር። አንድ ማሳ ላይ ሁለት መብት! «ባለቤቱ ማን ነው?» ብሎ አንድ ስም የሚጠብቅ ሰው መልሱን አያገኘውም።

ጥያቄ፦ የይዞታ ዋስትና ማለት ካርታ መያዝ ነው?

መልስ፦ ካርታ ማስረጃ ነው፤ ዋስትናው ግን ከዚያ ይሰፋል። ወረቀት ኖሮት በአንድ ሌሊት ከሚፈናቀል ሰው ይልቅ፣ ተከራይም ቢሆን ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ፍርድ የማይነሳው የተሻለ ዋስትና አለው። ይህን አጥብቄ እናገራለሁ፤ ቤተሰብ የሚተኛው በዚህ ተማምኖ ነውና።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህር ቴንዩር አገኘ ሲባል በፍጹም አይባረርም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። በአሜሪካ የፕሮፌሰሮች ማኅበርና የኮሌጆች ማኅበር በ1940 እ.ኤ.አ. የተስማሙበት መርህ የሙከራ ጊዜው ከ7 ዓመት እንዳይበልጥ ይላል። ከዚያ በኋላ መምህሩ የሚሰናበተው በበቂ ምክንያት ነው፤ ጡረታና እውነተኛ የገንዘብ ቀውስ ሲቀሩ። ዓላማው ምርምሩ ባለሥልጣን ወይም ለጋሽ ቢያስቆጣ እንጀራውን እንዳያጣ ነው። ለዳኞችም እንዲሁ፦ የእንግሊዝ የ1701 ሕግ ንጉሡ ያልወደደውን ዳኛ እንዳሻው እንዳያሰናብት አገደ።

ጥያቄ፦ የቅጥር ደብዳቤዬ «ቴንዩር፦ 2 ዓመት» ይላል። ቋሚ ነኝ ማለት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ቃሉ ቆይታንም ያመለክታል፤ የአንድ ሹም የሥልጣን ዘመንም ቴንዩር ይባላል። አንድ ጊዜ ልክ እንዲህ ያለ ደብዳቤ «ለ2 ዓመት ቋሚ ቅጥር» ተብሎ ተተርጉሞ እጄ ገባ። ባለደብዳቤው ሰውዬ «ቋሚ» የምትለውን ቃል በእስክሪብቶ አስምሮባት ነበር። እንግሊዝኛው የሚለው ግን የቅጥሩ ዘመን 2 ዓመት ነው። ቃሉን ተይውና የማብቂያ ቀን መኖር አለመኖሩን እዪ።

ጥያቄ፦ አየሁት፣ የማብቂያ ቀን አለው።

መልስ፦ እንግዲያው የጊዜ ቅጥር ነው። ቀኑ ሳይደርስ ውሉ ይታደስ እንደሆነ በጽሑፍ ጠይቂ፣ መልሱንም በጽሑፍ ተቀበዪ።